አባባ የጋብቻ ትምህርት ሲማሩ

ደሴ፣ ሆጤ
ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለያዕቆብ አግማስ
ኮምቦልቻ

የጌታ ሰላም አንተንም፣ ሀኒንም፣ ልጆቹንም ይክበባችሁ። የእኔን ጤና ከጠየቅህ ሰውነቴ ደህና ነው፤ ውስጤ ግን እየነደደ ነው። ከመንደዴ በፊት ምርቃቱን ተቀበል፦ ዕድሜህ ይርዘም፣ ልብህ ይስፋ፣ ጉልበትህም የሐረጎን ዳገት የሚወጣ ይሁን።

በስልክ ፋንታ ደብዳቤ ሲደርስህ እንዳትደነግጥ። ባለፈው ሳምንት አባባን ማን ዓይን ሕክምና ይውሰዳቸው በሚል ስንጨቃጨቅ አንተ ጆሮዬ ላይ ዘጋህብኝ፤ እኔም መልሼ ደውዬ ዘጋሁብህ። ይህን ሲሰሙ አባባ ከጓሮ ክፍላቸው ወጥተው፣ "ከዛሬ ጀምሮ እናንተ ሁለታችሁ በስልክ አትነጋገሩም። የተናደደ ሰው ይጻፍ። ያን ሁሉ ዓመት ፖስታ ቤት ስሠራ ስድብ ሲላክ አይቻለሁ፤ መንገድ ላይ ይበርዳል" አሉ። ስለዚህ ይኸው ጽፌ በበሺር ሚኒባስ ልኬልሃለሁ። ይበርድ እንደሆነ እናያለን።

አሁን ወደ ጉዱ ልግባ። ሐሙስ ሐሙስ እኔና ባሌ ስማቸው በቤተ ክርስቲያን የቅድመ ጋብቻ ትምህርት እንደምንሰጥ ታውቃለህ። ትናንት አዲስ ዙር ጀመርን። እጮኛሞቹ ደብተራቸውን ዘርግተው፣ ትዳር ማር ብቻ መስሏቸው ዓይን ለዓይን እየተያዩ ተቀምጠዋል። ስማቸው "ትዳር መደማመጥ ነው" ብሎ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ በሩ ተንኳኳ። አባባ ናቸው። ያችን ለበዓል ብቻ የሚያወጧትን ካፖርት ለብሰዋል፤ ጫማቸው ያበራል። የቤት ቁልፍ ጠፍቶባቸው ነው ብዬ ቦርሳዬን መበርበር ጀመርኩ። እሳቸው ግን ፈቀቅ ብለው በሩን ያዙና ከኋላቸው ወይዘሮ ዓለሚቱን አስገቡ። ወይዘሮ ዓለሚቱን ታውቃቸዋለህ፤ ገራዶ የሚኖሩት፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ የእናቶች ጸሎት ላይ ጀምረው የማይጨርሱት።

ሁለቱም ፊት ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አባባ አዲስ ደብተር አወጡና፣ "ተመዝግበናል መምህርት፤ ቀጥሉ" አሉኝ። መምህርት! አፍንጫዬን የጠረጉልኝ አባቴ፣ በዚያ ሁሉ ወጣት ፊት!

አላባርራቸው ነገር፣ እጄን ያሰረው የራሴው ገመድ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሚስታቸው የሞቱባቸው አዛውንት በሳምንት ውስጥ አግብተው በወሩ ሲጣሉ፣ ሽማግሌዎች ፊት ቆሜ፣ "ድጋሚ የሚያገባ ሰው፣ ሰማንያ ዓመትም ቢሞላው፣ ትምህርቱን ሳይጨርስ አይጋባ" ብዬ ደንቡ ላይ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ጉድጓድ ስትቆፍር አርቀህ አትቆፍር፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም የሚባለውን እናታችን ስንት ጊዜ ነግራኝ ነበር።

እሷ ካረፈች ገና አራት ዓመቷ ነው ያዕቆብ። ወንድ ልጃቸው አንተ ነህ። ውጣና አነጋግራቸው።

እህትህ ኑኃሚን


ኮምቦልቻ፣ በርበሬ ወንዝ
ጥቅምት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ኑኃሚን አግማስ
ደሴ

ጌታ የቤትሽን ደጃፍ ይባርክ፣ ትዕግሥትም ይጨምርልሽ። እኛ በጌታ ቸርነት ደህና ነን፤ ሙቀቱ ብቻ ነው ያስቸገረን።

ደብዳቤሽን መናኸሪያ ቆሜ አነበብኩት። በሺር እንደሆነ ሳልነግረው ያውቃል። "ወላሂ ያዕቆብ፣ አባትህ ወንድ ናቸው! የኔ አባት በሳቸው ዕድሜ በርጩማ እንኳ አይመርጥም ነበር" አለኝ፣ ተሳፋሪው ሁሉ እየሰማ። ፊቴን የት ልደብቀው?

እትዬ፣ አባባ እኮ ሰባ አምስት ዓመታቸው ነው! በዚህ ዕድሜ ሰው የሚመዘገበው ለዓይን ሕክምና ነው። ለመሆኑ አንቺ ቤት ምን ጎደለባቸው? ልብሳቸው ይታጠባል፣ እራታቸው ይቀርባል፣ ክፍላቸውም ፀጥ ያለ ነው። የተመቸው ሰው ሚስት አይፈልግም። የሆነ ያልነገርሽኝ ነገር ከሌለ በቀር ይህ ከየት መጣ? አንቺ እኮ አጠገባቸው ነሽ፤ እንዴት ሳታዪ ቀረሽ?

ብመጣ ደስ ባለኝ፤ ግን ጉልበቴ የደሴን ብርድ አይችልም። መጋዘኑም ቆጠራ ላይ ነው። ሀኒም ብቻዋን ማደር አትወድም። ደግሞም የእኔ መምጣት ነገሩን ትልቅ ያስመስለዋል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ትምህርታችሁ ፈተና የለውም እንዴ? ጣያቸው! መምህርቷ አንቺ፣ አራሚዋ አንቺ። "ለሚቀጥለው ዙር ይመለሱ" በያቸው። ወረፋ ሲሰለቻቸው ይተውታል።

ሌላው፣ የእማዬን ቡፌ ከነብርጭቆው በቶሎ ወደ እኔ ላኪልኝ። በእማዬ ብርጭቆ ሌላ ሴት ውኃ ስትጠጣ ማየት አልችልም። መጥቼ ባላየውም ማለቴ ነው።

ወንድምሽ ያዕቆብ


ደሴ፣ ሆጤ
ኅዳር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለያዕቆብ
በሩቅ አገር ለሚኖረው

ሰላምታዬ ባሕር ተሻግሮ፣ ውቅያኖስ አቋርጦ ይድረስህ። ጌታ በስደት አገር ይጠብቅህ።

ይቅርታ፣ ለካ ኮምቦልቻ ነህ። ቁርሱን በልቶ የተነሣ ሰው ሻዩ ሳይበርድ የሚደርስበት ኮምቦልቻ! የዘገየሁት ሆን ብዬ ነው፤ መጀመሪያ የጻፍኳቸውን መልሶች አባባ ቢያነቧቸው ከፖስታ ቤት ሕግ ውጭ ናቸው ይሉኝ ነበር። "አጠገባቸው ነሽ፣ እንዴት ሳታዪ ቀረሽ" ትለኛለህ? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው። ለአባባ አንዲት ቃል ሳትጽፍ በእኔ ላይ ሁለት ገጽ ታወርዳለህ። ጉልበትህን በተመለከተ፣ ባለፈው ለባልደረባህ ሠርግ ደሴ መጥተህ እስክስታ ስትወርድ ያየህ ሰው አለ። ካንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

ጣያቸው ላልከው ልመልስልህ። አባባ ከክፍሉ አንደኛ ናቸው። የሚጥሉኝ ይልቅ እሳቸው ናቸው።

ትናንት ትምህርቱ ስለ ጠብ ነበር። ስማቸው "በቍጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ" የሚለውን ጥቅስ ሲያብራራ አባባ እጃቸውን አወጡ። "መምህር፣ ባል ሳሎን ሶፋ ላይ፣ ሚስት መኝታ ቤት የሚያድሩ ከሆነ ፀሐይዋ በየትኛው ክፍል ነው የምትገባው?" አሉ። ክፍሉ ሳቀ። እኛ አልሳቅንም። ስማቸው በማንኮራፋቱ ተጣልተን ሳሎን ካደረ ቆይቷል፤ ይህንን ከእኛ ሌላ የሚያውቁት አባባ ብቻ ናቸው። የሚያውቁትም በመካከላችን መልእክት የሚያመላልሱት እሳቸው ስለሆኑ ነው። "ጋዝ አልቋል በሏት ብሎሻል።" "የቤት ኪራይ ሰዎቹ መጥተው ነበር በሉት ብላሃለች።" እንዲህ ነው የምንኖረው። ለማንም እንዳትናገር፤ ሐሙስ ሐሙስ ሰው የሚማረው ከእኛ ነው።

ቀጥሎ አንዱ ስለሌላው የሚያውቀውን ይናገር የሚል መልመጃ መጣ። ወጣቶቹ "ፈገግታዋን እወዳለሁ፣ ባሕርዩን እወዳለሁ" ብለው ተቀመጡ። አባባ ተነሡና፣ "ዓለሚቱ በግራ መንጋጋዋ አታኝክም፤ ቆሎ ስትሰጧት ለስላሳውን ምረጡላት። ሰው ሲሞት ወዲያው አታለቅስም፤ በሳምንቱ ነው የሚመጣባት፤ ያን ጊዜ ብቻዋን አትተዋት" አሉ። ወይዘሮ ዓለሚቱም በተራቸው፣ "እሳቸው ደብዳቤ የሚመስል ነገር መሬት ላይ ሲያዩ አንሥተው አድራሻውን ሳያነቡ አያልፉም። አብሬ እቆማለሁ" አሉ።

ከዚያ አንዲት ልጅ፣ "መምህሮቹም ያሳዩን!" አለች። ተነሣሁና፣ "ስማቸው ሻይ በሦስት ስኳር ይወዳል" አልኩ። ስማቸው መሬት መሬት አየ። አባባ ከፊት ወንበር ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ስኳር ካቆመ ዓመት ሆኖታል ልጄ። ሐኪም ከልክሎት ነው፤ እንዳትደነግጪ ብሎ ነው ያልነገረሽ። ሻዩን እኔ ነኝ የማፈላለት" አሉኝ።

በዚያ ሁሉ ወጣት ፊት! አንድ ዓመት ሙሉ ባሌ ምን እንደሚጠጣ ሳላውቅ ስለ ትዳር አስተምሬያለሁ። በማን ልናደድ? በስማቸው፣ በአባባ ወይስ በስኳሩ? በሁሉም ተናደድኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ አባባን በግልጽ ጠየቅኋቸው። "እኛ ቤት ምን ጎደለብዎት?" አልኳቸው። "ኧረ ምንም አልጎደለብኝም፤ እራቴ ሁልጊዜ ተከድኖ ይጠብቀኛል" አሉኝ። ቅር ያላቸው እንኳ አይመስሉም። ያናደደኝም እሱ ነው።

ቡፌውን አልልክም። ከፈለግህ መጥተህ ተሸከመው።

ኑኃሚን


ኮምቦልቻ
ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ኑኃሚን

ሰላምሽ ይብዛ፤ ለስማቸውም የከበረ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ራስሽ ብታደርሺው ይሻላል።

ይህን ያህል ጊዜ ዝም ያልኩት ተናድጄ ነው። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ቀደድኩት። ከስድብሽ ይልቅ ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። ባለፈው እሑድ የአባባ ጋብቻ በቤተ ክርስቲያን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ታወጀ የሰማሁት ከማን መሰለሽ? ከበሺር! ሙስሊሙ በሺር የእኛን ቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያ ለእኔ ይነግረኛል። "ሁለት እሑድ ቀርቷል ወላሂ፤ ሱፍህን አሳጥብ" አለኝ። አንቺስ? እህት አይደለሽም?

እኔም ደንቡን አውቃለሁ። ለሦስት እሑድ ይታወጃል፤ ተቃውሞ ያለው ይቆማል። ስለዚህ ተቃውሞዬን ጽፌ ከዚህ ጋር አያይዤልሻለሁ። በሦስተኛው እሑድ ተነሥተሽ በሁለታችንም ስም አንብቢው። የጻፍኩት በአክብሮት ነው፤ ሦስት ጊዜ ገልብጬዋለሁ።

በአባባ አልጨክንም እትዬ። ግን እማዬን ሳስባት ደረቴ ይቃጠላል። እሷ አርባ ዓመት የተንከባከበችው ሰው፣ አሁን በሷ ወንበር ሌላ ሰው አስቀምጦ "ለስላሳ ቆሎ ምረጡላት" ይላል? ለእማዬ መቼ ቆሎ መረጡላት? ይህ ያስለቅሰኛል፤ ያናድደኛልም።

እኔ ጋም እኮ መጥተው መቆየት ይችሉ ነበር። ያን ጊዜ ለሁለት ሳምንት ብለው መጥተው በሦስተኛው ቀን የተመለሱት በራሳቸው ፈቃድ ነው። ሙቀቱ አልተስማማቸውም።

ቡፌውን በተመለከተ፣ ብርጭቆዎቹን ብቻ እንኳ ላኪልኝ።

ወንድምሽ ያዕቆብ

እትዬ፣ እኔ ሀኒ ነኝ፤ ያዕቆብ ደብዳቤውን ፖስታ ውስጥ እንድከት ሲሰጠኝ ነው ይህን የጻፍኩት። ሙቀቱ አይደለም ያስኬዳቸው። ያዕቆብ ቴሌቪዥን ሲያይ እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ፤ አባባ መጥተው ከእኔ ጋር ድንች እየላጡ አወሩኝ። ስለ ወይዘሮ ዓለሚቱ ያን ጊዜ ነው የነገሩኝ። ካወቅሁ ዓመት አልፎኛል፤ የጠየቀኝ ግን የለም። በሁለታችንም ስም ያለው እኔን እንዳይጨምር አደራ። ሀኒ


ደሴ፣ ሆጤ
ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለያዕቆብ

ጌታ ይማርህ፣ እኔንም አብሮ ይማረኝ። ለሀኒ ልዩ ሰላምታ አለኝ፤ በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ዓይን ያላት እሷ ብቻ ናት።

ተቃውሞህ ትናንት ተነበበ። እንዴት እንደ ተነበበ ልንገርህ።

ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ሄድኩ። አልዋሽህም፣ ላነበው ነው የሄድኩት፤ በአንተ ቃል ሁሉ ተስማምቼ ነበር። መጋቢው፣ "ለሦስተኛና ለመጨረሻ ጊዜ፣ ተቃውሞ ያለው ይቁም" አሉ። ቆምኩ። ጉባኤው ወደ እኔ ዞረ። ወረቀቱን ዘረጋሁ፤ ፊደሉ ግን አልታይ አለኝ። እኔና ስማቸው የማንበቢያ መነጽር ያለን አንድ ብቻ ነው። አርጅተናል ላለማለት ሁለተኛ አልገዛንም፤ ያን ቀን ደግሞ ኪሱ ውስጥ ነበር። አሁን ተዋረድኩ ስል፣ አጠገቤ ተቀምጦ የነበረው ስማቸው ቀና ሳይል መነጽሩን እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። እሱም ሊያነበው አልፈለገም፤ እንዳላነብም አልከለከለኝም።

ጀመርኩ። "አባታችን ብቸኛ አይደሉም፤ ልጆች አሏቸው። እራታቸው ሳይቀርብ ያደረበት ቀን የለም።"

እዚያ ላይ ማንበቤን አቆምኩ። ያ ሳህን ዓይኔ ላይ መጣ ያዕቆብ። አራት ዓመት ሙሉ ሥራ ውዬ፣ ስብሰባ ውዬ፣ ቶሎ ቶሎ እከድነውና ወደ ሰው ትዳር እሮጣለሁ። ስማቸው ሳሎን ይበላል። እሳቸው ያንን ክዳን ብቻቸውን ይገልጣሉ፣ ብቻቸውን ይበላሉ፣ ሳህኑንም አጥበው ያስቀምጣሉ። ታጥቦ ሳገኘው እግዜር ይስጥልኝ እንኳ ብያቸው አላውቅም።

ወይዘሮ ዓለሚቱ አንገታቸውን ደፍተዋል። አባባ ግን ዞረው አዩኝ፤ እንደ አንደኛ ተማሪ ነው የሚጠብቁኝ። ወረቀቱን አጠፍኩና፣ "እራቱን የማቀርበው እኔ ነኝ። ከድኜ ነው የማቀርበው። አብሬያቸው በልቼ አላውቅም። ይህን የጻፈው ወንድሜም ከኮምቦልቻ አልመጣም። ተቃውሞ የለንም" ብዬ ተቀመጥኩ። አባባ ብድግ ብለው፣ "አመሰግናለሁ መምህርት" አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔ አለቀስኩ። ከዚያ ወረቀቱን ከእጄ ተቀብለው አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

አሁንም ግን ተናድጃለሁ። በምን መሰለህ? እቤት እንደ ገባን ስማቸው ከሳሎን ሆኖ እንደ ልማዱ፣ "አባባ፣ ኑኃሚንን እስቲ..." ብሎ ጀመረ። አባባ ካፖርታቸውን እያወለቁ፣ "እኔ ዛሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። መንግሥት ቀድሞ አሰናብቶኝ ነበር፤ እናንተ ናችሁ መልሳችሁ የቀጠራችሁኝ። አድራሻዋን ታውቀዋለህ፤ ራስህ አድርስ" አሉትና ወደ ጓሮ ሄዱ።

እውነቱን ልንገርህ? ስለ እማዬ ብቻ አልነበረም የተንገበገብኩት። አባባ ገራዶ ሲገቡ እኔና ስማቸው በዚህ ቤት ብቻችንን ልንቀር ነው። ማን ያነጋግረናል? ይህን ፈርቼ ነው።

ስማቸው ወጥ ቤት በር ላይ መጥቶ ቆመ። "ሻይ አለ?" አለኝ። "ያለ ስኳር" አልኩት።

ሠርጉ ቅዳሜ ጥር 24 ነው፤ ገራዶ፣ ወይዘሮ ዓለሚቱ ግቢ። እኔንና አንተን የሚለየን ሐረጎ ብቻ ነው። ጉልበትህ ካመመህ በሺር እስከ በሩ ያደርስሃል፤ እሱም ተጠርቷል።

እህትህ ኑኃሚን


ኮምቦልቻ
ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ኑኃሚን

ጌታ ሆድሽን ያራራልኝ። ደህና ገብተናል።

ሠርግ ላይ አልተነጋገርንምና ልጻፍልሽ። በመጀመሪያ ተናድጃለሁ። አርፍጄ መድረሴ እውነት ነው፤ ግን የሙሽራው ልጅ ከበሺር ጎን፣ ከድንኳኑ ጥግ ይቀመጣል? በሺር ደግሞ ለጠየቀውም ላልጠየቀውም "ይኼ የተቃወመው ልጃቸው ነው" እያለ አስተዋወቀኝ።

ወይዘሮ ዓለሚቱ ከሙሽራ ወንበራቸው ተነሥተው መጥተው፣ "ጉልበትህ እንዴት ነው?" አሉኝ። ደህና ነው አልኳቸው። ውሸት ስለነበረ ሳይሆን፣ አሞኝ እንደማያውቅ ስለማውቅ አፈርኩ።

ልሄድ ስል አባባ ጠሩኝ። ከኪሳቸው ያንን ተቃውሞዬን አውጥተው ሰጡኝ። በጀርባው በዚያ በፖስታ ቤት ጽሕፈታቸው "ለላኪ ይመለስ" ብለውበታል። ምንም አልተቆጡኝም። "ቆንጆ ጽሕፈት አለህ፤ አንድ ቀን ደግሞ ለእኔ ጻፍልኝ" ብቻ አሉኝ። እስከ ኮምቦልቻ ድረስ በመስኮት ስመለከት መጣሁ። ሀኒ እጄን ይዛኝ ነበር።

ስወጣ የሚበሉበትን ክፍል አየሁት። ትንሽ ጠረጴዛ፣ ፊት ለፊት ሁለት ወንበር። ብርጭቆ ግን የላቸውም፤ በጣሳ ነው የሚጠጡት። እማዬ ብታይ ታፍርብን ነበር።

ስለዚህ ቡፌውን ወደ እኔ አትላኪው። ከነብርጭቆው ወደ ገራዶ ይሂድ። ብቻሽን እንዳትነኪው፣ መስተዋቱ ይሰበራል። ቅዳሜ መጥቼ ከስማቸው ጋር እጭነዋለሁ፤ አዳሬም እናንተ ጋ ነው።

እራቴን አትክደኚው።

ወንድምሽ ያዕቆብ